የማን ልጅ ነው?

ክረምት ላይ ዘመድ ቤት ተሰብስበን፣ ልጆቹ የቻርሊ ቻፕሊንን ፊልም ከፍተው ያያሉ። ድምፅ የለው፣ ቀለም የለው። እነሱ ግን በሳቅ ይንከተከታሉ። አንድ ጩጬ ልጅ የሰው መስኮት በድንጋይ ይሰብራል። ቻፕሊን ደግሞ መስታወት ጀርባው ላይ አዝሎ፣ በአጋጣሚ ያለፈ መስሎ ከች ይልና መስኮቱን ጠግኖ ፍራንክ ይቀበላል። ትንሽ ቆይቶ የማሳደጊያ ሰዎች መጡ። ልጁን ነጥቀው መኪና ላይ ጫኑት። ልጁ እጆቹን ዘርግቶ ያለቅሳል። የሚስቅ ጠፋ።

አክስቴ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቴሌቪዥኑን ልብ ብላ አላየችውም ነበር። ቀና አለችና የሰውዬውን ፊት ትኩር ብላ ተመለከተች። "ይሄ ሰውዬ ይሄን ነገር ደርሶበታል። እንዲሁ ሲያስመስል አይደለም" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "የማን ልጅ ነው?"

እንግሊዛዊ እንደሆነ፣ በድህነት እንዳደገ፣ ኋላ ላይ በዓለም የታወቀ የናጠጠ ሀብታም እንደሆነ ነገርኳት። "እሱን መች ጠየቅኩህ? የማን ልጅ ነው ነው ያልኩህ!"

ጥያቄዋ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ስለ ቻፕሊን ስናወራ ሁላችንም የምናወራው ስለ ባርኔጣው፣ ስለ ከዘራው፣ ስለዚያች አጭር ጢሙ ነው። "ከምንም ተነስቶ" እንላለን። ከምንም የተነሳ ሰው ግን የለም። ከአንድ ሰው ነው የምንነሳው። ቻፕሊን በ1964 ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን ያነበብኩት ያቺን አንድ ሰው ፍለጋ ነው። በእንግሊዝ ጦር ሠፈር ውስጥ የሆነ አንድ ምሽት ላይ ስደርስ ግን ማለፍ አቃተኝ። ዛሬም እዚያው ነኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦልደርሾት፣ 1894

ሐና ቻፕሊን ዘፋኝ ነበረች። በዚያን ዘመን ለንደን "ሙዚክ ሆል" በሚሏቸው አዳራሾች የምትሠራ፣ ቆንጆ፣ ድምፀ መልካም ሴት። ባሏም ዘፋኝ ነበር፤ መጠጥ አሸነፈውና ትዳሩ ፈረሰ። ሁለት ልጆች ቀሩላት። ትልቁ ሲድኒ ከሌላ አባት ነው፣ ትንሹ ቻርሊ። ድምፅዋ ደግሞ መክዳት ጀመረ። ትንሽ ጉንፋን ሲይዛት ለሳምንታት ይዘጋል። ካልሠራች እንጀራ የለምና በተዘጋ ጉሮሮም ቢሆን ትወጣለች።

ልጇን የሚጠብቅላት ሰው ስላልነበረ ማታ ማታ ይዛው ትሄዳለች። የዚያን ምሽት ኦልደርሾት ከተማ የተሰበሰበው ታዳሚ አብዛኛው ወታደር ነው። ወታደር ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። የአምስት ዓመቱ ቻርሊ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ያያል። እናቱ እየዘፈነች እያለ ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። አዳራሹ ጮኸባት። አፏጩባት። እያስመሰሉ ዘፈኑባት። ሐና ከመድረክ ወረደችና ከመድረኩ ኃላፊ ጋር መጨቃጨቅ ጀመረች። ሰውዬው ልጁ በእናቱ ጓደኞች ፊት ሲጫወት ከዚያ በፊት አይቶት ነበር። "እሱ ይውጣላት" አለ። እጁን ይዞ አወጣው፤ ለታዳሚው አንድ ሁለት ቃል ተናገረና ብቻውን ትቶት ሄደ።

አምስት ዓመት! መብራቱ ዓይኑ ላይ ይንቦገቦጋል። ከታች እናቱን ያዋረዱ ሰዎች ተደርድረዋል።

ልጁ ዘፈነ። በጊዜው ሁሉም የሚያውቀው ዘፈን ነው። ገና እኩሌታው ላይ ሳይደርስ ሳንቲም ይዘንብለት ጀመር። ቻርሊ ዘፈኑን አቆመና "መጀመሪያ ገንዘቡን ልልቀም፣ ከዚያ እዘፍናለሁ" ብሎ ለሕዝቡ አስታወቀ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የመድረኩ ኃላፊ መሐረብ ይዞ መጣና ይለቅምለት ገባ። ልጁ ሰውዬው ሊወስድበት የመጣ መሰለው። ስጋቱ ፊቱ ላይ ይነበባልና ሳቁ ባሰ። ሰውዬው ገንዘቡን ቋጥሮ ሲሄድ ልጁ ከኋላው ተከተለው። ለእናቱ መስጠቱን በዓይኑ እስኪያይ ድረስ አልተመለሰም።

እኛ ዘንድ "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ይባላል። የዚያን ምሽት ራት የተገኘው ከዚያ ልጅ ነው። ግን እኔን የያዘኝ ሳንቲሙ አይደለም። ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ልጁ ተመልሶ ወጣ። አወራ፣ ጨፈረ፣ ሰዎችን አስመሰለ። እናቱ የምትዘፍነውን አንድ ዘፈን ሲያነሳ ደግሞ፣ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ምንም ክፋት ሳያስብ የእናቱን ድምፅ መሰንጠቅ አብሮ አስመሰለው። ከደቂቃዎች በፊት ሲሰማ የነበረውን ያንኑ ስንጥቅ። አዳራሹ ጣራው እስኪነቀል ሳቀ። ሳንቲም እንደገና ዘነበ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። ሐና የት ነበረች? መጋረጃው ጀርባ። ምን ሰማች? የራሷን የተሰበረ ድምፅ ከልጇ አፍ፣ ከዚያም የሕዝብ ሳቅ። እኔ እናት ብሆን ምን ይሰማኝ ነበር? መጀመሪያ ውርደት መሰለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሐሳቤን ለወጥኩ። ልጅ የሚያስመስለው የሚወደውን ሰው ነው። የአባቱን አረማመድ፣ የእናቱን አነጋገር ይዞ ይዞራል። ለቻርሊ ስንጥቁ የዘፈኑ አካል ነው፤ እናቱ እንደዚያ ነው የምትዘፍነው።

ሌላም ነገር አለ። ድምፁ ያው አንድ ድምፅ ነው። ሐና ስታሰማው አፏጩ፣ ልጁ ሲያሰማው ጨበጨቡ። እሷ ስብራቱን ልትደብቀው ስትታገል አዩባት፤ እሱ ደግሞ ሳያፍር ዘረገፈው። ያው ሕዝብ፣ ያው ወንበር፣ ያው ምሽት። የቻፕሊን ጥበብ እዚያ ላይ የተወለደ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሰው የሚሸሽገውን ነገር መሐል መድረክ ላይ አውጥቶ፣ ሳይሳለቅበት፣ እንዲሳቅ ያደርጋል።

በመጨረሻ ሐና ልጇን ልትወስድ መድረክ ላይ ወጣች። ያ ሲያፏጭባት የነበረ ሕዝብ ሞቅ አድርጎ አጨበጨበላት። ቻፕሊን በሽምግልናው ሲጽፍ ያ ምሽት የእሱ የመጀመሪያ፣ የእናቱ ደግሞ የመጨረሻ መድረክ እንደነበረ ይናገራል። ድምፅዋ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መስኮቱ አጠገብ

ከዚያ በኋላ የሆነው ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ከሦስት ክፍል ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ። ሐና የሰው ልብስ እየሰፋች ልጆቿን ለማኖር ሞከረች። አባትየው ይልከው የነበረውን ሳምንታዊ አሥር ሽልንግ አቆመ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዱቤ የገዛችውን የልብስ ስፌት መኪና ወሰዱባት። ከባድ ራስ ምታት ጣላት። በ1896 እናትና ልጆች ላምቤዝ ወደሚገኘው የድሆች መጠለያ ገቡ። እዚያ እናት ለብቻ፣ ልጅ ለብቻ ነው። ቻርሊና ሲድኒ ወደ ሃንዌል የድሃ ልጆች ትምህርት ቤት ተላኩ። ቻርሊ ያኔ ገና ሰባት ዓመቱ ነው።

ከዚያ ዘመን ውስጥ አንዲት ቀን አለች፤ ደጋግሜ ያነበብኳት። ሐና ልጆቿ በጣም ናፍቀዋታል። መላ መታች። ከመጠለያው ለመውጣት አመለከተች። ልጆቹ ከሃንዌል መጡ፣ የራሳቸው ልብስ ተመለሰላቸው፣ ሦስቱም በር ላይ ተገናኙ። የሚሄዱበት ቤት ስለሌለ ኬኒንግተን ፓርክ ሄዱ። ሲድኒ መሐረቡ ውስጥ የቋጠራት ዘጠኝ ፔኒ ነበረች። ግማሽ ፓውንድ ጥቁር ቼሪ ገዙና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሉ። ሲድኒ ጋዜጣ ጠቅልሎ በሲባጎ አሰረና ኳስ ሠራ፤ ሦስቱም ተቀባበሉ። ምሳ ሰዓት ላይ በቀረችው ፍራንክ አንድ ኬክ፣ አንድ በጭስ የደረቀ ዓሣ፣ ሁለት ስኒ ሻይ ገዝተው ተካፈሉ። ከሰዓት ልጆቹ ሲጫወቱ እናትየው ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ኪሮሽ ሠራች። ሲመሽ "ለሻይ ሰዓት እንደርሳለን" ብላ ቀልዳ ይዛቸው ወደ መጠለያው ተመለሰች።

ኃላፊዎቹ ተናደዱ። ልብሱ ሁሉ እንደገና በእንፋሎት መጽዳት፣ ምዝገባው ሁሉ እንደገና መደረግ ነበረበት። በዚህ ምክንያት ልጆቹ ወደ ሃንዌል እስኪመለሱ እዚያው ጥቂት ቀን ቆዩ። እናታቸውን ደጋግመው አዩ።

እስቲ ይህን ፊልም ነው ብላችሁ አስቡት። ቢሮክራሲውን በራሱ ሕግ ሸውዳ ልጆቿን ለአንድ ቀን የሰረቀች ደሃ እናት። ባርኔጣና ከዘራ ቢጨመርበት ቁርጥ የቻፕሊን ታሪክ ነው። ደራሲዋ ግን ሐና ናት።

ቻፕሊን ራሱ እናቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ መንገደኛውን እያየች ታደርገው የነበረውን ይተርካል። አንዱ ጎረቤት እግሩን እየጎተተ ሲያልፍ ታያለች። ጫማው አልተወለወለም። ፊቱ ተቆጥቷል። "ይሄ ዛሬ ከሚስቱ ጋር ተጣልቷል፤ ቁርስም አልበላ" ትላለች። አረማመዱን፣ ዓይኑን፣ እጁን አስመስላ ታሳያቸዋለች። በኋላም ግምቷ ልክ ሆኖ ይገኛል። ሰውን ማየት ያስተማረችኝ እሷ ናት ይላል።

በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እንኳ የልጆቿን አነጋገር ታርማለች። ሰዋስው ስትሳሳቱ አልወድም ትላለች። ከድህነት የተፈለፈሉ ተራ ልጆች እንዳልሆኑ፣ የተለዩ እንደሆኑ እንዲሰማቸው ታደርጋለች። እንግዲህ በ1914 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኪይስተን በሚባለው ስቱዲዮ፣ የሚያስቅ ነገር ልበስ ሲባል ያነሳውን ልብስ እዩ። ሱሪው ሰፊ፣ ኮቱ ጠባብ፣ ጫማው ትልቅ። ግን ባርኔጣ አለ። ከዘራ አለ። ከወደቀበት ተነስቶ ኮቱን የሚያራግፍ ሰው ነው። በ1925ቱ ፊልም በረሃብ ጫማውን ቀቅሎ ሲበላ ማሰሪያውን እንደ ፓስታ ሹካ ላይ ይጠቀልለዋል፤ ምስማሩን እንደ አጥንት ይመጠዋል። (ለቀረጻ የተሠራው ጫማ ሊኮሪስ ከሚባል ጣፋጭ ነበር።) ራቡ ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ ጨዋነቱም ሙሉ በሙሉ ይታያል። ያንን ያየው ቤቱ ነው። አክስቴ ልክ ነበረች።

የማን ልጅ ነው? የሐና ልጅ ነው።

ችግር ያስተምራል?

እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። የእንዲህ ያለ ሰው ታሪክ ሲነገር መጨረሻው ሁሌም አንድ ነው። ችግር አጠነከረው፣ ድህነት አስተማረው፣ ባይራብ ኖሮ ቻፕሊን አይሆንም ነበር። አነቃቂ ንግግር በተዘጋጀ ቁጥር እንሰማዋለን።

እኔ ግን ሐናን እጠይቃለሁ። ችግር የሚያስተምር ከሆነ እሷንስ ለምን አላስተማራትም? ያው ችሎታ ነበራት። እንዲያውም ችሎታው የእሷ ነው። ያው ረሃብ አግኝቷታል፤ ከልጆቿ ቀድማ፣ ከልጆቿ በላይ፣ ምክንያቱም ያለውን ለእነሱ ሰጥታ ነው የምትተኛው። ውጤቱስ? በ1903 ቻርሊ የ14 ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ቀን ወደ ቤት ሲመለስ የሰፈሩ ልጆች "እናትህ አብዳለች" አሉት። በየቤቱ እየዞረች ለሕፃናት የልደት ስጦታ ነው እያለች የከሰል ቁራጭ ስታድል ነበር። እጇን ይዞ በእግሩ ወደ ሆስፒታል ወሰዳት። አቅም አጥታ ስለምትንገዳገድ መንገደኛው የሰከረች መስሎት ያያታል። ማን ያሳድግሃል ብለው ሲጠይቁት "ከአክስቴ ጋር እኖራለሁ" አለ። አልሄደም። ወደ ባዶው ክፍል ተመልሶ ብቻውን ኖረ።

ከዚያ ሐና ኬን ሂል ወደሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዛወረች። ልጆቿ ሊጠይቋት ሄዱ። ሐኪሙ ለሲድኒ አእምሮዋን የጎዳው የምግብ እጦት እንደሆነ ነገረው። እሷ ደግሞ ለቻርሊ አንድ ነገር አለችው። የዚያን ቀን አንድ ስኒ ሻይ ብቻ ሰጥተኸኝ ቢሆን ኖሮ ደህና እሆን ነበር አለችው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ "ችግር መምህር ነው" የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንዲት ሴት የለንደንን መንገድ በሙሉ በአንድ መስኮት የምታነብ ዓይን ነበራት፤ በአንድ ስኒ ሻይ እጦት ጠፋች። ሃንዌል ውስጥ ከቻርሊ ጋር ከተሰለፉት ልጆች መሐል ስንቱ የእሷን የመሰለ ዓይን ነበረው? የእነሱን ታሪክ የሚጽፍ የለም። አንዱ አመለጠና፣ ያመለጠውን አይተን ወጥመዱን አመሰገንን።

ታዲያ ቻርሊ እንዴት አመለጠ? ለእኔ መልሱ ሲድኒ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። አንዱ ቀልደኛ ወጣ፣ ሌላው ተሸካሚ። ሲድኒ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ሠራ፤ በዚያ በ1903 ከባሕር ሲመለስ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ መጣና ከቻርሊ ጋር ፊታቸውን ወደ መድረክ ዓለም አዞሩ። ቀድሞ ፍሬድ ካርኖ የተባለው የአስቂኝ ተውኔት ቡድን አሠሪ ዘንድ የገባው ሲድኒ ነው። ወንድሜን እየው እያለ ወተወተ። በ1908 ቻርሊ ተቀጠረ። አሜሪካ የወሰደው የካርኖ ቡድን ነው፤ ፊልም ሠሪዎች ያዩትም እዚያ ነው። በኋላም ሲድኒ የወንድሙን ውል የሚደራደር ሰው ሆነ።

ገንዘቡን በአጭሩ ልበል፤ ሌላው ሁሉም ያወራዋል። ኪይስተን ሲገባ በሳምንት 150 ዶላር። በ1916 ሚውቹዋል ከተባለው ኩባንያ ጋር ሲፈርም ለአንድ ዓመት 670,000 ዶላር፤ ገና 27 ዓመት አልሞላውም። በ1919 ደግሞ ከተዋንያኑ ከሜሪ ፒክፎርድና ከዳግላስ ፌርባንክስ፣ ከፊልም አዘጋጁም ከግሪፊዝ ጋር ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለውን የፊልም ኩባንያ መሠረተ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ የመጀመሪያ ልጁ ተወለደ። ሦስት ቀን ኖሮ ሞተ። ቻፕሊን ብዙ ሳይቆይ ሕፃናት ተዋንያን መፈለግ ጀመረ። ጃኪ ኩጋን የተባለውን ልጅ መረጠና እኛ ያየነውን ፊልም ሠራ። የማሳደጊያ ሰዎች ልጁን ከሰገነቱ ክፍል ሲወስዱ፣ ቻፕሊን በጣራ ላይ ሮጦ መኪናው ላይ ዘሎ ያስጥለዋል። በ1896 ላምቤዝ ውስጥ በጣራ የሮጠ ሰው አልነበረም። ፊልሙ ውስጥ ግን ሮጠ። ያንን ሩጫ ለማን እንደሮጠው ሳስብ አንድ ሰው ብቻ መጥቀስ አልችልም። ለልጁም፣ ለራሱም፣ በር ላይ ለቀረችው እናቱም ይመስለኛል።

ካሊፎርኒያ፣ 1921

ፊልሙ በወጣበት በ1921 እናቱን ወደ ካሊፎርኒያ አስመጣት። ባሕር አቅራቢያ ቤት ገዛላት፣ የሚንከባከቧት ሰዎች ቀጠረላት። ሰባት ዓመት ኖረችና በ1928 አረፈች። አንዳንዴ ደህና ትሆናለች፤ አንዳንዴ የድሮው ፍርሃት ይመለስባታል።

አሜሪካ ስትገባ የሆነውን ቻፕሊን ጽፎታል። የኢሚግሬሽን ሹሙ ወረቀቷን አይቶ በደስታ፣ "እንዴ! የዝነኛው የቻርሊያችን እናት እርስዎ ነዎት?" አላት። ሐና በለሰለሰ ድምፅ፣ "አዎ፤ አንተ ደግሞ ኢየሱስ ክርስቶስ ነህ" አለችው።

ሕመሟ ያናገራት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ቀልድ ይመስለኛል። መልሱ እንዴት እንደመጣ እዩት። ሳትቸኩል፣ ፊቷን ሳትለውጥ፣ በትሕትና "አዎ" ብላ ሰውዬውን ካረጋጋችው በኋላ ነው የለቀቀችበት። ይህ የመድረክ ሰው አመላለስ ነው። ከኦልደርሾት ወዲህ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ መድረክ ያላገኘች ሴት ናት።